ዘር፣ አስተዳደግና የእግዚአብሔር ጥሪ፦ ከኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት

በብድሬም ሆነ በሮቤና በጎባ አንድ ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የአባቱ ልጅ ነው፣ ከዘሩ ነው ይባላል። ቁጡ የሆነ ወንድምም ንስሐ በመግባት ፈንታ አፈጣጠሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለመሆኑ ጠባያችን በዘር ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን የአንድ አባት ሕይወት እንመልከት።

ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን ትርጉሙ ተርጓሚ ማለት ነው። ገና በሕፃንነታቸው አባታቸው ሞቱ። ቆይቶም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጥቀው ወሰዷቸው፤ ከአንድ ገዢ ወደ ሌላው ተሸጡ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር ምጽዋ ላይ ነፃ አወጣቸውና የስዊድን ሚስዮናውያን አስተማሯቸው። በ1872 ሲጠመቁ በፊልሞና መልእክት የምናገኘውን የባሪያውን የአናሲሞስን ስም ያዙ።

እንግዲህ አስቡት። አባት የሌለው፣ የተሸጠ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል ትላላችሁ?

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ጠባይን በአምስት ዋና ዋና መስኮች ያዩታል። እነዚህም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ በኃላፊነት መትጋት፣ ከሰው ጋር መቀላቀል፣ ለሰው መራራትና በቀላሉ መጨነቅ ናቸው። በመንታዎች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። የቀረው ከኑሮና ከገጠመኝ ይመጣል። ፍጹም የሚመሳሰሉ መንታዎች እንኳ በአንድ ቤት አድገው በጠባይ ይለያያሉ።

ነገር ግን ይህን ቁጥር በስሕተት አንረዳው። የእኔ ቁጣ ግማሹ ከአባቴ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። የባሌ ገበሬ ይህን ያውቃል። ከአንድ ጆንያ የወጣ ስንዴ ግማሹ በሮቤ ለም ማሳ፣ ግማሹ በጭንጫ መሬት ቢዘራ ምርቱ ይለያያል። በአንዱ ማሳ ውስጥ ባሉት ዛላዎች መካከል ያለው ልዩነት ከዘሩ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ግን ከመሬቱ ነው። ዘር ዝንባሌን ይሰጣል እንጂ ፍርድን አይጽፍም።

ወደ ኦነሲሞስ እንመለስ። በስዊድን ከተማሩ በኋላ ወደ ወገኖቻቸው ለመድረስ በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ አልተሳካም። በሸዋ በኩልም ሞከሩ፤ ተመለሱ። በዚህ ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ተቀምጠው ሠሩ። እርስዋ ወደ 15,000 የሚጠጉ የኦሮምኛ ቃላትን አሰባሰበች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በኦሮምኛ ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምቴ አስተማሩ፤ ተከሰሱ፣ እንዳይሰብኩም ተከለከሉ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቀዱላቸው። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1931 ድረስም አገለገሉ።

ወገኖቼ፣ ትጋታቸው ከእናት ከአባታቸው የወረሱት ይሁን፣ ሚስዮናውያን ያስተማሯቸው፣ ማንም ለይቶ ሊሰፍረው አይችልም። መከራቸው ግን መራራ ሰው እንዲሆኑ አላስገደዳቸውም። በክርስቶስ ያለ ሰው አዲስ ፍጥረት እንደሆነ ሐዋርያው ጽፎልናል (2ኛ ቆሮ. 5፥17)። ይህ ማለት ዝምተኛው በአንድ ሌሊት ተናጋሪ ይሆናል ማለት አይደለም። ጌታ የሰጠንን ጠባይ ይዞ ይገራዋል፤ ለሥራውም ያውለዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ዛሬ ማታ እንደ አባትህ ነህ ብላችሁ ከመርገማችሁ በፊት ያንን የተሸጠ ልጅ አስቡ። ቁጡ ነኝ የምትለው ወንድሜም ዝንባሌህን እወቀው፤ ግን አትደበቅበት። ወደ ጌታ አምጣው።