የኳስ ተጫዋቹ የጆን ኮልማን የሕይወት ታሪክ

በአገሩ እጅግ የታወቀ፥ በእኛ ዘንድ ግን ስሙ ብዙም ያልተሰማ አንድ የአውስትራሊያ ኳስ ተጫዋች ለክቡራን አንባቢያን ላስተዋውቅ አስቤአለሁ። እርሱም ጆን ኮልማን ነው። የመረጥሁት ስላገባው ጎል ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ጨዋታ ካቆመ በኋላ ስለ ሠራው ሥራ ጭምር ነው።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልናገር። የአውስትራሊያ ኳስ እኛ ከምናውቀው የእግር ኳስ ይለያል። ኳሱም ሜዳውም ሞላላ ናቸው፤ በየወገኑ 18 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን በእጅ መያዝም ይፈቀዳል። በሁለቱ መካከለኛ ቋሚዎች መካከል በእግር መትቶ ያሳለፈ 6 ነጥብ ያገኛል። ከሩቅ የተመታ ኳስ በአየር ላይ የቀለበ ተጫዋች ደግሞ ማንም ሳያውከው የመምታት መብት አለው። ኮልማን ከተከላካዮች ትከሻ በላይ እየዘለለ በመቅለብ ዝናን አተረፈ።

ኮልማን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ግዛት በፖርት ፌሪ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። በ1949 ለሜልቦርኑ ኤሰንደን ክለብ ሲሰለፍ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ግጥሚያ በሆቶርን ላይ 12 ጎል አገባ። የዓመቱን 100ኛ ጎል ያገባውም ክለቡ ካርልተንን አሸንፎ ዋንጫውን በወሰደበት ቀን ነው። በ1950 ደግሞ 120 ጎል አገባ፤ ዋንጫውም ተደገመ።

በ1951 ግን ዋንጫው ሲቃረብ አንድ ተከላካይ መታው፤ እርሱም መልሶ መታ። የዳኞቹ ጉባኤ ለ4 ሳምንት አገደው። ኤሰንደንም ያለ እርሱ ተሰልፎ የዋንጫውን ግጥሚያ በ11 ነጥብ ልዩነት በጂሎንግ ተሸነፈ። ኮልማን ቀድሞ የተመታ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ቁጣ ዋጋውን ጓደኞቹን ሁሉ እንዳስከፈለ ልብ ልንል ይገባናል።

ከዚህ የከፋው በ1954 መጣ። ፊትዝሮይ ላይ 14 ጎል ካገባ ከሳምንት በኋላ፥ ከሰሜን ሜልቦርን ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ተመልሶ ለመጫወት ቢሞክርም አልሆነለትም። በ98 ግጥሚያ 537 ጎል ያገባው ሰው በ25 ዓመቱ ከተጫዋችነት ተለየ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኮልማን በ1961 የዚያው ክለብ አሠልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። በገዛ እግሩ ሊያደርገው ያልቻለውን ለሌሎች እያስተማረ፥ ኤሰንደንን በ1962 እና በ1965 ለዋንጫ አበቃ። እስከ 1967 ድረስ ካሠለጠነ በኋላ፥ በ1973 በ44 ዓመቱ በድንገት ዐረፈ። ከ1981 ጀምሮ በሊጉ ብዙ ጎል ለሚያገባው ተጫዋች የሚሰጠው ሜዳይ በስሙ ይጠራል።

ጓደኞቼ ሆይ! ጉልበት ዛሬ አለ፥ ነገ የለም። ኮልማን ጉልበቱን ቢያጣም ዕውቀቱን ለታናናሾቹ አካፈለ። እኛም ዛሬ በክፍልም ሆነ በሜዳ የምንቀስመውን ዕውቀት ለሚከተሉን እንድናካፍል ምኞቴ ነው።