ነህምያ፡ የሹመት እንጀራ ያልበላ ሹም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሐካልያ ልጅ ነህምያ ካህን አልነበረም። በሱሳ ከተማ፣ በፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ግቢ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሥ መርዝ ይኖርበታል ብሎ ሳይሰጋ ጽዋ የሚቀበለው ከሚያምነው ሰው እጅ ብቻ ነውና ማዕርጉ ቀላል አልነበረም።

አርጤክስስ በነገሠ በ20ኛው ዓመት፣ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 445 ዓመት ገደማ፣ ወንድሙ ሐናኒና ከይሁዳ የመጡ ሰዎች የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፣ በሮቿም እንደ ተቃጠሉ ነገሩት። ነህምያ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየም። በጸሎቱ የሕዝቡን ኃጢአት የሌሎች ብቻ አድርጎ አልቈጠረም፤ ራሱንና የአባቱን ቤት ጨምሮ ተናዘዘ። ከወራት በኋላ ንጉሡ የፊቱን ማዘን አይቶ ምክንያቱን ሲጠይቀው እጅግ ፈራ። መጽሐፉ ይህን ፍርሃት አልሸሸገውም። ፈርቶም ሳለ በልቡ ወደ ሰማይ አምላክ ጸልዮ ወደ አባቶቹ ከተማ እንዲልከው ለመነ።

ኢየሩሳሌም ከደረሰ ከሦስት ቀን በኋላ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ፍርስራሹን በሌሊት ዞሮ ተመለከተ፤ ሕዝቡን ለሥራ የጠራው ከዚህ በኋላ ነው። ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ ከካህናቱ ጋር የበጎችን በር ሠራ። ወርቅ አንጥረኛው፣ ሽቱ ቀማሚው፣ ነጋዴው፣ የአንድ አለቃ ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ እያንዳንዱ በድርሻው ቆመ። የቴቁሔ ሰዎች ሲደክሙ መኳንንቶቻቸው ግን ትከሻቸውን ለሥራው አላዋሱም። (እንዲህ ያለውን ታላቅ ሰው በየአጥቢያችን የማያውቅ ማን ነው?) ሰንባላጥ፣ ጦብያና ጌሳም አስቀድመው አፌዙ፤ ኋላም ለጦርነት ተማከሩ። ነህምያም እኩሌቶቹን በሥራ፣ እኩሌቶቹን በጦርና በጋሻ አሰለፈ፤ እርሱም እንደ ሎሌዎቹ ልብሱን ሳያወልቅ ይጠብቅ ነበር።

እኛ ግን የነህምያን ታላቅ ድፍረት የምናየው ከጠላት ጋር በተፋጠጠበት ሳይሆን ከገዛ ወገኖቹ ጋር በተነጋገረበት ስፍራ ነው። ሥራው በጋለበት ሰዓት የድኾች ጩኸት ተሰማ። በረኃብ ምክንያት እርሻቸውንና የወይን ቦታቸውን በእህል አስይዘዋል፤ ለንጉሡ ግብር ተበድረዋል፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት እየሰጡ ነበር። አበዳሪዎቹ ባዕዳን አልነበሩም፤ አይሁድ ወንድሞቻቸው፣ ያውም መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ለቅጥሩ ሥራ የእነዚህ ባለጠጎች ድጋፍ ያስፈልግ ስለ ነበር ነገሩን ለጊዜው ማለፍ እንደ ብልሃት ሊቈጠር ይችል ነበር። አንድነት እንዳይፈርስ እየተባለ በሰበካ ጉባኤም በማኅበርም የተበዳይ አቤቱታ የሚዳፈነው በዚሁ ሰበብ አይደለምን? ነህምያ ግን ተቈጣ፤ በልቡም ካሰበ በኋላ ታላቅ ጉባኤ ሰብስቦ መኳንንቱን ፊት ለፊት ገሠጸ። እርሱና ወንድሞቹም ገንዘብና እህል ማበደራቸውን ከሕዝቡ አልሰወረም፤ ወለዱን እንተው ሲል ራሱንም ጨምሮ ነበር። መኳንንቱ እርሻውን፣ የወይኑን ቦታ፣ የወይራውን ቦታና ቤቱን ለመመለስ ተስማሙ፤ እርሱም ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው።

ቅጥሩ በ52 ቀን፣ በኤሉል ወር በ25ኛው ቀን ተፈጸመ። ነህምያ በይሁዳ ምድር ለ12 ዓመታት አገረ ገዥ ሆኖ ተቀመጠ። ከእርሱ በፊት የነበሩ ገዥዎች ከሕዝቡ እንጀራ፣ ወይንና 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር፤ ሎሌዎቻቸውም በሕዝቡ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። በእርሱ ማዕድ በዙሪያቸው ካሉት አሕዛብ ከሚመጡት ሌላ 150 አይሁድና ሹማምንት ይቀመጡ ነበር፤ በየቀኑም አንድ በሬ፣ ስድስት የተመረጡ በጎችና ወፎች ይዘጋጁ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ለአገረ ገዥ የሚገባውን ድርጎ አንድም ጊዜ አልጠየቀም፤ መሬትም አልገዛም፤ በሕዝቡ ላይ ያለው ሸክም ከባድ ነበርና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።