እቴጌ ጣይቱ፦ ከጓዳ እስከ ዙፋን

የማኅበራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ ምርጫ በደረሰ ቁጥር፣ ከመካከላችን አርባን የተሻገርነው ወደ ኋላ እንላለን። ጊዜው አለፈብን፣ ለተማሩት ልጆች እንተወው እንላለን። እኛ የየካ ሴቶች ግን እንጨትና ቅጠል ተሸክመን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምንወርድበት የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከሠላሳ ዓመታቸው በኋላ ወደ ትልቅ ኃላፊነት የመጡ ሴት ኖረዋል።

ጣይቱ ብጡል የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ሲያገቡ ከሠላሳ አልፈው ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በአሥራዎቹ ዕድሜ የምትዳር መሆኑን አስቡት። ከዚያ በፊት አግብተው ፈትተዋል፤ የአፄ ቴዎድሮስንም የአፄ ዮሐንስንም ዘመን አይተዋል። ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ፤ በገናም ይደረድራሉ። ቤተ መንግሥት የገቡት ለመማር ብቻ ሳይሆን የሚያውቁትን ይዘው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተናቸው ድግስ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ለብዙ ቀናት የቆየውን ግብር ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ሠርግ ደግሳ የምታውቅ እናት ይህ ምን እንደሆነ ይገባታል፦ እህሉን ማስፈጨት፣ ጠጁን ቀድሞ መጣል፣ ማን ከማን በፊት እንደሚቀመጥ ማወቅ፣ አንዱንም ሳያስከፉ መሸኘት። አስተዳደር ማለት ይኸው አይደለምን? በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ውስጥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በነገሡ በሁለተኛው ቀን እቴጌነትን ተቀበሉ። አዲስ አበባንም፣ ብርዳማውን እንጦጦን ትተው ፍልውሃ አጠገብ ቤት በማሠራት የቆረቆሩ እሳቸው ናቸው።

በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጣሊያን በምሽጉ ውስጥ በተዘጋ ጊዜ፣ ምሽጉን በጥይት ከመደብደብ ይልቅ የውሃውን ምንጭ እንያዝ ብለው የመከሩት ጣይቱ ናቸው። ውሃ ለቤት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ምክር ይመስለናል። ጠላት ጥሙ ሲበረታበት ምሽጉን ለቀቀ።

ምኒልክ ታመው ሥራው በእሳቸው ላይ ሲወድቅ ሹመትና ሽረቱን ያዙ። እዚህ ላይ ልምዳቸው ብቻውን አላዳናቸውም፤ ለዘመዶቻቸው ሹመት ማብዛታቸው መኳንንቱን አስቀየመ። በሴት መታዘዝ የከበዳቸውም እንደነበሩ አንጠራጠርም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተማክረው ከሥልጣን አገለሏቸው።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ተመለሱ፤ በዚያው በደገሱበትና ዘውድ በደፉበት ደብር አጠገብ ኖሩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። አስከሬናቸውም በኋላ ወደ ታች፣ ከባለቤታቸው ጎን ወደ በአታ ለማርያም ተወሰደ።