የአፄ ኢያሱ የቆዳ ሕመምና የእኛ ቆዳ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ጣናን የጎበኘ ሰው ስለ ደሴቶቹ ገዳማት፣ ስለ ሥዕሎቻቸውና ስለ ብራና መጻሕፍቶቻቸው ብዙ ሰምቶ ይመለሳል። በዳጋ እስጢፋኖስ ስላረፉት ነገሥታትም ይነገረዋል። በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በምጽራሐ ደሴት ያረፉት ንጉሥ ግን ለቆዳ ሕመማቸው ሐኪም ፍለጋ እስከ ካይሮ ድረስ ሰው መላካቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኚህ ንጉሥ ታላቁ ኢያሱ፣ በዙፋን ስማቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። ዛሬ የእሳቸውን ሕይወት እያነሣን ስለ ራሳችን ቆዳ እንነጋገራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ኢያሱ የጻድቁ ዮሐንስ ልጅ፣ የአፄ ፋሲል የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1674 ዓ.ም ሲያርፉ ዙፋኑን ወርሰው ሃያ አራት ዓመት ያህል ነገሡ። በእሳቸው ዘመን ጎንደር ይበልጥ ደመቀች። በፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራው ግንብ የእሳቸው ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴንም የተከሉት እሳቸው ናቸው። ሩቅ ድረስ ዘምተዋል፤ የቀረጥ አሠራርን አስተካክለዋል፤ የጣናን ገዳማትም እየተመላለሱ ይሳለሙ ነበር። ባጭሩ ምንም የጎደለባቸው የማይመስሉ ንጉሥ ነበሩ።

ሆኖም ዕድሜያቸው ወደ አርባ ሲቃረብ ቆዳቸው ታመመ። ከልጆቻቸው አንዱም በዚሁ ዓይነት ሕመም ተይዞ ነበር። የዘመኑ ሰዎች ሕመሙን ከለምጽ ዓይነት ይቆጥሩት ነበር። የዚህን ቃል ክብደት ለመረዳት የንጉሥ ዖዝያንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዖዝያን ግንባሩ ላይ ለምጽ ከወጣበት በኋላ እስኪሞት ድረስ በተለየ ቤት ተቀመጠ፤ ቤተ መንግሥቱንም ልጁ ያስተዳድር ጀመር። ይህን ታሪክ የጎንደር ሊቃውንትና መኳንንት ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ለአንድ ንጉሥ በቆዳው ላይ የሚታይ ምልክት የማሳከክና የመልክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የዙፋን ጉዳይም ነበር። ሕመሙ በልጅ ላይ ሲደገም ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል።

ንጉሡ ሐጂ ዓሊ የተባለውን ነጋዴ መልእክተኛ አድርገው ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ ወደ ካይሮ ላኩት። ሐጂ ዓሊ ራሱም ታሞ ስለነበር በዚያ የሚኖር ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አከመው፤ ዳነም። መልእክተኛው በራሱ ላይ ያየውን ሐኪም መረጠ። ፖንሴ በሰኔ ወር 1690 ዓ.ም ከካይሮ ተነሣ። አብሮት አገልጋይ መስሎ የተጓዘው ደግሞ አባ ብሬቬዳ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ነበር። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከሀገር ካስወጡ ወዲህ የማኅበሩ ሰው በግልጽ መግባት ስለማይችል ስሙንና ልብሱን ለውጦ ነበር።

መንገዱ በዓባይ ሸለቆ፣ በበረሃ፣ በዶንጎላና በሰናር አድርጎ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ጎንደር ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ሁለቱም ታመሙ። ቄሱ እዚያው አረፈ። ፖንሴ ግን አገግሞ በሐምሌ 1691 ዓ.ም ጎንደር ገባ፤ ንጉሡንና ልጃቸውን አከመ፤ ሁለቱም ዳኑ። ሐኪሙ እስከ ሚያዝያ 1692 ዓ.ም ድረስ በጎንደር ቆይቶ በምጽዋ በኩል ተመለሰ። የጉዞው ታሪክም በኋላ በፈረንሳይ ታተመ።

እዚህ ላይ እንደ ሐኪም ቆም ብዬ አንድ ነገር ላሳይዎት። ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለውን በሽታ የሚያድን መድኃኒት እስከ 1930ዎቹ ድረስ በዓለም ላይ አልነበረም። ንጉሡና ልጃቸው ግን በወራት ውስጥ ድነዋል። ስለዚህ ያስፈራቸው ሕመም ሥጋ ደዌ ሳይሆን ሊታከም የሚችል ሌላ የቆዳ በሽታ የነበረ ይመስላል። ለምጽ የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስም ሆነ በአባቶቻችን አነጋገር ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመሞችን በአንድነት ይሸፍናል። ስሙ አንድ ሲሆን ፍርሃቱም አንድ ይሆናል፤ በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው።

ይህ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ቆዳው ላይ ነጭ ምልክት ያየ ሰው እጅጌውን እየጎተተ ይሸፍናል፤ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ የምታጣፋ እናትም አለች። ወራት ካለፉ በኋላ ወደ ሕክምና ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቀላሉ የሚታከም ነገር ነው። አንዳንዴ ግን የዘገየው ነገር ከባድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ልዩነቱን ይወቁ።

በደረት፣ በአንገትና በጀርባ ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ብሎ የሚበተን፣ ሲፍቁት ብናኝ የሚያወጣ ምልክት ብዙውን ጊዜ ቋቁቻ ነው። መንስኤው ፈንገስ ሲሆን በሚቀባ መድኃኒት ይድናል። እንደ ወተት የነጣ፣ የማይቆስልና የማያደነዝዝ ምልክት ዛሬ በተለምዶ ለምጽ የምንለው ነው። ይህ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም፤ አብሮ መብላትም አብሮ መተኛትም አያስተላልፈውም። ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን፣ እምብዛም የማያም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። በደጋው አካባቢያችን የሚታወቅ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ሕክምና አለው። ሌሊት የሚብስና ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳክክ ደግሞ እከክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል።

ሥጋ ደዌ የራሱ ምልክት አለው። የገረጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክ፣ በጥጥ ሲነኩት ወይም ትኩስ ነገር ሲያርፍበት የማይሰማ ቦታ ካለ፣ እጅና እግር ከደነዘዘ፣ አንድ ቀን እንኳ አይዘግዩ። ሕክምናው በጥምር መድኃኒት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይሰጣል፤ በሀገራችንም በነፃ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ በሽታው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉን ያቆማል። ጣት የሚቆረጠውና ዓይን የሚጠፋው በሽታው ሳይታከም ሲቆይ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርትና በደሴ አካባቢ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና ተጀምረው ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎችን የሚያክሙ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ያላችሁ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ልትላኩ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ጤነኛው ቆዳ እንምጣ። በአፄ ኢያሱ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች በአውሮፓም ሆነ በእስያ የሰውን ገላ በሙቀትና በቅዝቃዜ፣ በድርቀትና በእርጥበት ይመድቡ ነበር። የህንዶች ጥንታዊ ሕክምና አዩርቬዳ እስከ ዛሬ ሰውን ቫታ፣ ፒታና ካፋ ብሎ በሦስት ይከፍላል፤ በቆዳ ሲተረጎም ደረቅ፣ ቶሎ የሚቆጣና ቅባታም እንደማለት ነው። ክፍፍሉ በዘመናዊ ሳይንስ የተረጋገጠ አይደለም። ነገር ግን ከመቀባት በፊት ይህ ቆዳ ምን ዓይነት ነው ብሎ መጠየቁ ትክክል ነው።

ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ፣ በተለይ በበጋ፣ ለብ ባለ ውኃ ለአጭር ጊዜ ይታጠቡ፤ ገላዎ ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡ። ጠንካራ የልብስ ሳሙና ለገላ አይጠቀሙ። ቆዳዎ ቅባታም ከሆነ ፊትዎን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ እንጂ አይፈትጉት። ለፀጉር የሚቀባ ቅቤ ወደ ግንባር ሲወርድ ብጉር ያበዛል፤ ስለዚህ በሻሽ ይያዙት። ቆዳዎ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ሽቶ ያለባቸውን ነገሮች ይተዉ፤ አዲስ ቅባት ሲያገኙም በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀን ሞክረው ካልቆጣዎት ብቻ ፊትዎን ይቀቡ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከሐይቁ ነፋስ ቢነፍስም ፀሐዩ ብርቱ ነው። ባርኔጣና ጃንጥላ የሁሉም ቆዳ ወዳጅ ናቸው።

የባህል ነገሮችን ሁሉ አልነቅፍም። የእሬት ውስጠኛ ዝልግልግ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ግን ያቃጥላል። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ጠባሳ ያስቀራል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አስሮ ማደር ልክ እንደ እሳት ይልጣል። ከህንድም ይምጡ ከሌላ ቦታ፣ ይዘታቸው ያልተጻፈ የቆዳ ውህዶች ውስጥ ሜርኩሪና እርሳስ የተገኘባቸው ጊዜያት አሉ። ከሁሉ በላይ በየሱቁ ቆዳ ያቀላሉ እየተባሉ ከሚሸጡ ቅባቶች ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ለጥቂት ሳምንት ያሳምራሉ፣ ከዚያ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያፈላሉ። ጭርት ላይ ከተቀቡ ደግሞ ፈንገሱን ያስፋፋሉ።

የንጉሡ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። በ1697 ዓ.ም ግድም የሚወዷት ቅድስተ ክርስቶስ ስትሞት ኢያሱ ልባቸው ተሰብሮ ወደ ጣና ደሴት ገለል አሉ። በዚህ ጊዜ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በእናቱ በመለኮታዊት ወገኖች ረዳትነት ነገሠ። ኢያሱ ዙፋናቸውን ለማስመለስ ቢነሡም ትኩሳት ይዟቸው ጨቅላ መንዞ ወደተባለች የጣና ደሴት ሄዱ። በጥቅምት ወር 1699 ዓ.ም የመለኮታዊት ወንድሞች በታመሙበት ገደሏቸው። አስከሬናቸውም ወደ ምጽራሐ ተወስዶ ተቀበረ። ዙፋናቸውን የነጠቃቸው ዘመድ እንጂ ያን ያህል የተፈራው የቆዳ ሕመም አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ ኢያሱ ሕመማቸውን ሸፍነው አልተቀመጡም፤ ሐኪሙን ጠብቀው ታከሙ። እሳቸው ለአንድ ሐኪም ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቁትን መንገድ እርስዎ ዛሬ በባጃጅ በደቂቃዎች ይደርሱታል። ቆዳዎ ላይ ያልገባዎት ምልክት ካለ ስም ሳይሰጡት፣ ምንም ሳይቀቡበት፣ ነገ ጠዋት ያሳዩት።