ቁርጥ ዋጋና የአልማዝ ቀለበት
የቻርልስ ሉዊስ ቲፋኒ የሕይወት ታሪክ

ለእጮኛው ቀለበት ሊገዛ ወርቅ ቤት የገባ ወጣት ከገዢዎች ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ገዢ ነው። ጤፍ የሚገዛ ሰው እህሉን በመዳፉ አፍሶ ያየዋል፤ ጨርቅ የሚገዛም በጣቱ ዳስሶ ይመረምረዋል። የቀለበት ፈርጥ የሚገዛው ግን አልማዙን ከብርጭቆ፣ ንጹሑን ከተሰነጠቀው ለመለየት ዕውቀቱም መሣሪያውም የለውም። የብዙ ወር ደመወዙን ቈጥሮ ሲያስረክብ የሚተማመንበት ነገር ቢኖር የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ የጌጣጌጥ ንግድ በመልኩ የወርቅና የድንጋይ ንግድ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ የእምነት ንግድ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይህን ነገር ገና በወጣትነቱ የተረዳ፣ በትንሽ ሱቅ ጀምሮም ስሙን በዓለም ያስጠራ አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ነበረ። ስሙም ቻርልስ ሉዊስ ቲፋኒ ይባላል። ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቻርልስ ቲፋኒ የተወለደው በ1812 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 15 ቀን በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት፣ ኪሊንግሊ በምትባል ስፍራ ነው። አባቱ ኮምፈርት ቲፋኒ የጥጥ ፋብሪካ የነበረው ሰው ሲሆን፣ ከፋብሪካው ሌላ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሸጥበት የገጠር ሱቅም ነበረው። ቻርልስ 15 ዓመት ሲሆነው አባቱ በዚህ ሱቅ ሥራ ላይ አሰማራው። ዕቃ መግዛትንና መሸጥን፣ ሂሳብ መያዝን፣ ከሁሉም ይልቅ የገዢን ጠባይ ማወቅን የተማረው ከዚያ መደርደሪያ ኋላ ቆሞ ነው። በትምህርት ቤት የቈየበት ጊዜ ረዥም አልነበረም፤ ሱቁ ግን ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆነለት ማለት ይቻላል።

ዕድሜው 25 ዓመት በሞላ ጊዜ፣ ይኸውም በ1837 ዓ.ም.፣ ጆን ያንግ ከሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር በኒውዮርክ ከተማ ንግድ ለመክፈት ተስማማ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ከቻርልስ አባት 1,000 ዶላር ተበደሩ። ጊዜው ግን ለነጋዴ የሚመች አልነበረም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የኒውዮርክ ባንኮች ለያዙት የወረቀት ገንዘብ ወርቅና ብር መክፈል አቁመው ነበር፤ የታወቁ የንግድ ቤቶች ይዘጉ፣ ሠራተኞችም ከሥራ ይወጡ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች በሴፕቴምበር 18 ቀን ብሮድዌይ በሚባለው ጎዳና በቍጥር 259 ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ከቻይናና ከጃፓን የመጣ የጌጥ ዕቃና ሌላም ይህን የመሰለ ነገር ደርድረው ገዢ ይጠብቁ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሸጡት ሁሉ ቢደመር 4 ዶላር ከ98 ሳንቲም ብቻ ሆነ። ተስፋ መቊረጥ ቢፈልጉ ኖሮ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አያገኙም ነበር።

ቀስ በቀስ ዕንቊላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ሱቁ ጥቂት በጥቂት መቆም ያዘ። ለዚህም ከረዱት ነገሮች ዋናው አንድ ቀላል የሚመስል ደንብ ነበረ። በዚያ ዘመን በብዙ ሱቅ ዕቃ ሁሉ የሚሸጠው በክርክር ነበር። ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ገዢው ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ መጨረሻ ላይ ምላሱ የሰላው ያተርፋል። ቲፋኒና ጓደኛው ግን በያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋውን ጽፈው ለጠፉበት፤ የተጻፈውም ዋጋ ቁርጥ ሆነ። ባለጠጋ ቢመጣ አይጨመርበትም፤ ወዳጅ ቢመጣ አይቀነስለትም። በመጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ገዢን የሚያባርር ይመስላል። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። መከራከር የማይችለው ዓይነ አፋር ሰው፣ ከባላገር የመጣው እንግዳ፣ ገና ደመወዝ መቀበል የጀመረው ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ እንደማይታለሉ ዐውቀው የሚገቡበት ሱቅ አገኙ።

በ1841 ዓ.ም. ቲፋኒ የጓደኛውን የያንግን እኅት ሐሪየትን አገባ። በዚያው ዓመት ኤሊስ የሚባል ሦስተኛ ሸሪክ ገንዘብ ይዞ ስለ ገባ፣ ከሸሪኮቹ አንዱ ወደ አውሮጳ እየተሻገረ ዕቃ በቀጥታ ከሠሪው ለመግዛት ቻለ። ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮም የዕቃቸውን ዝርዝር በመጽሐፍ እያሳተሙ ለደንበኞች ይልኩ ነበር። በዚህ ጊዜ ሱቁ ከሚሸጣቸው ነገሮች አንዱ ከብርጭቆ የተሠራ አብረቅራቂ ጌጥ ነበር። ገዢው ብዙ፣ ትርፉም መልካም ነበር። ሆኖም በ1840ዎቹ ውስጥ ቲፋኒ አስመሳይ ጌጥን እየተወ ወደ እውነተኛው ወርቅና ወደ እውነተኛው ፈርጥ አዘነበለ። አንድ ሱቅ በአንድ መስኮት ብርጭቆንም አልማዝንም ቢያሳይ፣ ገዢው በአልማዙ ላይ ጥርጣሬ ማሳደሩ አይቀርም።

ትልቁ ዕድል የመጣው በ1848 ዓ.ም. ነው። በፌብሩዋሪ ወር በፓሪስ አብዮት ተነሥቶ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ከዙፋኑ ወረደ። መሳፍንቱና ባለጠጎቹ ለመሸሽ ጥሬ ገንዘብ ስለ ፈለጉ ከእናት ከአያት የወረሱትን አልማዝ በርካሽ ለገበያ አወጡት። የቲፋኒ ቤት ሰዎች በዚያን ጊዜ ለግዢ ወደ ፓሪስ ሄደው ነበርና፣ የያዙትን ገንዘብ በሙሉ በአልማዝ ላይ አዋሉት። ኒውዮርክ ሲደርስም የጋዜጣ ሰዎች ቲፋኒን የአልማዝ ንጉሥ ብለው ይጠሩት ጀመር። ይህ ትርፍ ከሌላው ሰው ጭንቀት የተገኘ መሆኑን መሸሸግ አይገባንም። ንግድ ብዙ ጊዜ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው የሚስቅበት ገበያ ነው። በዚያው ዓመት ግን ቤቱ የራሱን አንጥረኞች ይዞ የወርቅ ጌጥ መሥራት ጀመረ፤ በዚያው ወር በ18ኛው ቀንም ሉዊስ ኮምፈርት የተባለ ልጅ ተወለደለት፤ ልጁም በኋላ በባለ ቀለም የመስታወት ሥራ ስሙ የተጠራ ሠዓሊ ሆኗል።

በ1851 ዓ.ም. ቲፋኒ ከቁርጥ ዋጋው ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሥራ ሠራ። የአሜሪካ ብር ሠሪዎች በብሩ ውስጥ የሚቀላቅሉት መዳብ መጠኑ ከቤት ቤት ይለያይ ነበር። የቲፋኒ ቤት ግን ጆን ሙር ከተባለው ዕውቅ ብር ሠሪ ጋር ሆኖ የእንግሊዞችን ደንብ ተቀበለ፤ ይኸውም ከሺህ እጅ 925 እጅ ንጹሕ ብር መሆን አለበት የሚለው ነው። በ1906 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ በዚህ ስም የሚሸጥ ብር ሁሉ ይህንኑ ልክ እንዲጠብቅ አስገድዷል። በ1853 ዓ.ም. ሁለቱ ሸሪኮች ከሥራ ሲወጡ፣ ቤቱ በቲፋኒ ስም ብቻ መጠራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ላይ የሚታተመው ማኅተም የአንድ ሰው ስም ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. በተካሄደ ጊዜም ቤቱ ለሰሜኑ ጦር መኰንኖች ሽልማት የሚሆን ሰይፍ በትእዛዝ ይሠራ ነበር።

ነገር ግን በእምነት የሚኖር ሰው በእምነት ምክንያት ሊሳሳት እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊሊፕ አርኖልድና ጆን ስላክ የሚባሉ ሁለት ያክስት ልጆች በምዕራብ አሜሪካ በረሓ የአልማዝ መሬት አግኝተናል ብለው ያልተጠረበ ድንጋይ በከረጢት ይዘው መጡ። የሳን ፍራንሲስኮ ባለ ገንዘቦች ድንጋዩን ወደ ኒውዮርክ ወስደው ለቲፋኒ አሳዩት። የቲፋኒ ቤትም መርምሮ ከፊሉን ብቻ 150,000 ዶላር ገመተው። የቲፋኒ ስም ስላለበት ገንዘብ ከየቦታው ጎረፈ። በ1872 ዓ.ም. ግን ክላረንስ ኪንግ የተባለ የከርሰ ምድር ተመራማሪ በኮሎራዶ ከሚገኘው ቦታ ድረስ ሄዶ ቢመረምር፣ አታላዮቹ ርካሽ ድንጋይ ከለንደን ገዝተው በመሬቱ ላይ መዝራታቸውን ደረሰበት። የቲፋኒ ሰዎች የተጠረበ አልማዝ ያውቁ ነበር፤ ከመሬት እንደ ወጣ ያለውን ጥሬ ድንጋይ ግን ከዚያ በፊት በሚገባ አልለመዱትም ነበር። የማያውቁትን ነገር በታወቀ ስም ማረጋገጥ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ጆርጅ ኩንዝ የተባለ ወጣት በዚሁ ቤት ሥራ ያዘ። ኩንዝ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም፤ ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድንጋይ እየሰበሰበ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበረ። በሙያው በዓለም የታወቀ ሊቅ ለመሆን በቅቷል።

አሁን ወደ ቀለበቱ እንመለስ። አልማዝ ለብዙ ዘመን የሚገኘው ከህንድ፣ በኋላም ከብራዚል ሲሆን፣ መጠኑ ጥቂት ስለ ነበረ የነገሥታትና የመሳፍንት ጌጥ ሆኖ ኖረ። ከ1867 ዓ.ም. ወዲህ ግን በደቡብ አፍሪቃ አልማዝ ተገኝቶ ኪምበርሊ በሚባለው ስፍራ በብዛት ይቈፈር ጀመር። ቲፋኒ ራሱ ከዚሁ ማዕድን የወጣውን 287 ካራት የሚመዝን ቢጫ አልማዝ በ18,000 ዶላር ገዝቶ በፓሪስ አስጠርቦታል። ካራት ማለት የአንድ ግራም አምስተኛ እጅ ነው። ሲጠረብ ከግማሽ በላይ ተቀንሶ 128 ካራት ሆነ፤ ለጠራቢዎቹ ከክብደቱ ይልቅ የብርሃኑ ማማር በልጦባቸው ነበርና። የአልማዙ መብዛት ለዘመኑ መምህር፣ ጸሓፊና ነጋዴ ሁሉ የአልማዝ ቀለበትን በር ከፈተ። አልማዙን ከጉድጓድ ያወጡት አፍሪቃውያን ግን በ1880ዎቹ ውስጥ በታጠረ ሰፈር እንደ እስረኛ ተዘግተው ይኖሩ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባናል።

ቲፋኒ በ1886 ዓ.ም. ያወጣው የእጮኝነት ቀለበት የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የቀለበት ፈርጥ ዙሪያውን በወርቅ ከንፈር ተይዞ፣ ግማሹ ወርቅ ውስጥ ተቀብሮ ይታሰር ነበር። ወርቁ ድንጋዩን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ጉድለት ቢኖርበት ይሸፍንለታል፤ ብርሃንም በጎን በኩል እንዳይገባ ይከለክላል። በአዲሱ አሠራር አልማዙ ከቀለበቱ በላይ ከፍ ብሎ እንደ ወፍ ጥፍር ባሉ ስድስት ቀጫጭን መያዣዎች ላይ ተቀመጠ። ብርሃን ከየአቅጣጫው ገብቶ በጠርዞቹ እየተጋጨ ወደ ተመልካቹ ዓይን ይመለሳል። ከስድስቱ አንዱ ቢሰበር እንኳ የቀሩት ድንጋዩን ይዘው ያቈዩታል። እኛ ግን በዚህ አሠራር ከውበቱ ሌላ የምናየው ነገር አለ። ድንጋዩ ገላጣ ሆኖ ስለ ቆመ እንከኑን የሚሸሽግበት ቦታ የለውም። ሻጩ በድንጋዩ ካልተማመነ በቀር እንዲህ ያለ ቀለበት ለመሸጥ አይደፍርም።

በ1887 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሪፑብሊክ የቀድሞዎቹን ነገሥታት የዘውድ ጌጥ በጨረታ ሲሸጥ፣ ቲፋኒ ወደ ሲሶ የሚሆነውን ገዛ። ያወጣውም ወደ 500,000 ዶላር ይጠጋል። በ4 ዶላር ከ98 ሳንቲም ሽያጭ የጀመረው ሰው በ50 ዓመቱ የፈረንሳይ ነገሥታትን ጌጥ ወደ ኒውዮርክ አመጣ ማለት ነው። በ1902 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 18 ቀን፣ 90 ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን፣ በኒውዮርክ ግዛት ዮንከርስ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። ያ ቀን የልጁ የሉዊስ የልደት ቀን ነበር። ቤቱ በ2021 ዓ.ም. ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ በ15.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ በስድስት ጥፍር የቆመው ቀለበት ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምናተርፈው የአልማዝ ንግድ ብልሃት ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችን አልማዝ አንሸጥም። ነገር ግን ጉዳዩን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ባለጉዳይ ቀለበት ሊገዛ እንደ ገባው ወጣት ነው። ደንቡን አያውቀውም፤ መዝገቡንም ገልጦ ለማየት አይችልም። ያለው ተስፋ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ወጣት ሹም ቃልና ፊርማ ነው። ለዘመድ የማይቀነስ፣ ለእንግዳም የማይጨመር ቁርጥ ደንብ ይዞ የሚጠብቀው ሹም ቢያገኝ፣ ነገም ሳይፈራ ይመለሳል። ያላወቁትን ነገር ሳይመረምሩ መፈረም ደግሞ ምን እንደሚያስከትል የኮሎራዶው ድንጋይ በቂ ትምህርት ነው። ስም በማኅተም የሚታወቅ ቢሆንም፣ ማኅተሙን የሚያስከብረው ከበስተኋላው የተሠራው ሥራ ነውና።