ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ ከዐድዋ ዘማችነት እስከ ሂርና ገበሬነት

በዕድራችን ቀብር በሆነ ቁጥር የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ገጽ ነው፤ እዚህ ቦታ ተወለዱ፣ በዚህ ጊዜ ዘመቱ፣ ይህን ያህል ልጅና የልጅ ልጅ አዩ፣ ዐረፉ ይልና ያበቃል። የዘጠና ዓመት ዕድሜ በግማሽ ገጽ! ለቀስተኛው እንኳ በቅጡ ሳይሰማው ወደ ሥርዓተ ቀብሩ ይገባል። ታዲያ ዘንድሮ ለመጽሔታችን የማቀርበው የአንድ ረዥም ዕድሜ ባለጸጋ፣ የአንድ ትልቅ ቤተ ሰብ አባትና የጥንት ዘማች ታሪክ ነው። እኚህ ሰው ግን ሌላው እስኪጽፍላቸው አልጠበቁም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላሳስብ። ብዙ ሰው ተክለ ሐዋርያት ሲባል ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ይመስሉታል። ብላታ ታከለ ስመ ጥሩ አርበኛ ናቸው፤ ታሪካቸውም ሌላ ነው። የዛሬው ባለታሪካችን በጅሮንድ፣ ኋላም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያ ደብር በሚባለው አገር ነው። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ሄደው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ። በዚያን ዘመን ከታላቅ ሰው ቤት ማደግ ትምህርት ቤት እንደ መግባት ነበር፤ ሥርዓቱም፣ ንግግሩም፣ የጦር ነገሩም እዚያው ይቀሰማል። ራስ መኰንን ደግሞ አውሮፓን በዓይናቸው ያዩ፣ የውጭ ሰው ከቤታቸው የማይጠፋ መስፍን ነበሩና ልጁ ብዙ ነገር ቀድሞ ማየቱ አልቀረም።

በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲታወጅ የሐረር ጦር ከራስ መኰንን ጋር ወደ ሰሜን ተጓዘ። ልጅ ተክለ ሐዋርያትም አብረው ተጓዙ። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ጦርነቱ ሲሆን ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ዛሬ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሱቅ ሲላክ መንገድ እንዳያቋርጥ ይመከራል። የዚያን ጊዜው ልጅ ግን ከሐረር እስከ ትግራይ ተጉዞ፣ ያን ሁሉ ሬሳ አይቶ ተመለሰ። ዐድዋን በዓይናቸው ካዩት ሰዎች ውስጥ እስከ 1960ዎቹ ዓመታት በሕይወት ከቆዩት ጥቂቶች አንዱ ለመሆን የበቁትም በልጅነታቸው ስለ ዘመቱ ነው።

ከድሉ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተላኩ። እዚያ በአንድ የሩሲያ መኰንን ቤተ ሰብ ውስጥ እንደ ልጅ ሆነው አደጉ፤ በፒተርስቡርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምረውም መኰንን ሆኑ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሲመለሱ ያሳደጓቸው ራስ መኰንን የሉም፤ በ1898 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። አፄ ምኒልክም ታመው ቤተ መንግሥቱ በሹክሹክታ የሚኖርበት ጊዜ ነበር። ልጅ ሆኖ የሄደ፣ የሰው አገር ቋንቋና ልማድ ለብሶ የመጣ ጐልማሳ በዚህ መካከል ምን ያድርግ? ያወቀውን የሚረዳለት ሰው ጥቂት ነው። ተክለ ሐዋርያትም እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በዚህኛው ጉዞ ያተኰሩት በእርሻ ትምህርት ላይ ነበር። መድፍ የተማረ ሰው ስለ እርሻ ለማወቅ መመለሱ በኔ በኩል የሰውየውን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚያሳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሹመቱ ዘመን ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበት ነገር ውስጥ እጃቸው ነበረበት። ጅጅጋን ገዙ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የሚለውን ጻፉ፤ ይህም በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የቲያትር ጽሑፍ ተብሎ የሚታወቀው ነው። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ጉቦና ስለ አስተዳደር ብልሹነት ነበርና መኳንንቱ ራሳቸውን እዚያ ውስጥ ሳያገኙት አልቀሩም። ቲያትሩ ታገደ፣ ጽሑፉም እንዳይሰራጭ ተደረገ። አገሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ቲያትር አላየም። በአንበሳና በቀበሮ ስም ቢነገርም እውነት መራር ናት እኮ!

እኔ ግን ከሹመታቸው ሁሉ የምወደው የጨርጨሩን ነው። ጨርጨር ከአዋሽ ማዶ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ደጋማ አገር ሲሆን ቡናውና ጫቱ የታወቀ ነው። በ1910ሮቹ ዓመታት አጋማሽ ተክለ ሐዋርያት ይህን አገር እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ፣ ዘመናዊ አስተዳደር ምን እንደሚመስል በዚያ ተሠርቶ እንዲታይ ተፈልጎ ነበር። አሰበ ተፈሪ የምትባለውን ከተማ ቆረቆሩ። ዛሬ ጭሮ ትባላለች፤ በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሹመኛ ከባላገር የሚዘርፈውን እየበላ እንዳይኖር፣ ግብሩም ልክ እንዲኖረው ደከሙ። ጨርጨር እንደ አርአያ ግዛት የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ሕግ ሊጽፍ ይችላል፤ ገበያው የት ይሁን፣ መንገዱ በየት ይለፍ ብሎ በጭቃ ውስጥ ቆሞ ከተማ መትከል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕግ ስንል፣ በጅሮንድ ሆነው የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ለዚህም የጃፓንን ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈርሞ ታወጀ። ሥልጣኑን ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚያስቀር ነው ተብሎ ይነቀፋል፤ ትክክል ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት በዚህ ዓይነት የተጻፈ ሕገ መንግሥት በአገራችን አልነበረም።

ቀጥሎ ወደ አውሮፓ በመልእክተኛነት ተላኩ፤ በዤኔቭ የመንግሥታት ማኅበርም የኢትዮጵያ ወኪል ሆኑ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ያለው ሸክም የወደቀው በሳቸው ላይ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያ አረመኔ አገር ናት፣ ከማኅበሩ አባልነት አትበቃም የሚል የክስ ጽሑፍ ሲያቀርብ፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ጋስቶን ዤዝ ከጎናቸው ሆነው መልስ ሰጡ። እስቲ አስቡት፤ በልጅነቱ ዐድዋ የዘመተ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ከዚያው ጠላት ጋር በቃል ይዋጋል። የሰማቸው ቢኖርም የረዳቸው የለም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወሰን ተሻገረ።

እሳቸውም አገራቸው ገብተው ወደ ጨርጨር ተመለሱ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ግን ነገሩ ተበላሸ። ተክለ ሐዋርያት በዚህ መውጣት አልተስማሙም። በኋላ እሳቸውም በጅቡቲ በኩል ተሰደዱና መጨረሻቸው ማዳጋስካር ሆነ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ደግሞ በወረራው ዘመን ተይዘው ኢጣልያ አገር በእስር ነበሩ። አባት በአንድ ደሴት፣ ልጅ በጠላት አገር፤ የዚያ ዘመን ስንቱ ቤተ ሰብ እንዲህ ተበታትኖ ቀርቷል።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነጻ ወጣ። ስደተኛው ሁሉ ሲመለስ እሳቸው ግን አልተመለሱም፤ የመጡት በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ያህል ዓመት መቅረታቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አኵርፈው ነው የሚል አለ፤ ለሹመት መሰለፍ አልፈልግም ብለው ነው የሚልም አለ። በኔ አስተያየት ሁለቱም አለበት። ንጉሥን በፊቱ የተቃወመ ሰው ተመልሶ እጅ ለመንሣት ጉልበቱ እሺ አይለውም። ግን ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ልጆቻቸው ትዳር ሲይዙ፣ ግርማቸው አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትሙ አባት ማዶ ነበሩ። አርአያን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ባለታሪኩ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ተመልሶ አገሩን በእርሻ ሊጠቅም የሚታገል ወጣት ነው። ግርማቸው ይህን ከየት አመጡት ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከተመለሱ በኋላ የሥልጣን ነገር ብዙም አልፈለጉም። ሂርና ገቡ፤ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሐረር ሲሄዱ የምትገኝ ከተማ ናት። እዚያ እርሻቸውን ያዙ። በወጣትነታቸው አውሮፓ ድረስ ሄደው የተማሩትን፣ በሹመት ዘመናቸው ጊዜ ያላገኙለትን ነገር በሽምግልናቸው ሠሩት። ልጅና የልጅ ልጅ መጥቶ የሚጠይቃቸው፣ ከንጉሥ ዮሐንስ ዘመን ጀምሮ የመጣውንና የሄደውን መንግሥት ሁሉ ያዩ ሽማግሌ ሆኑ። የ1966ቱንም አብዮት ደርሰውበታል። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ዘጠና አልፎ ነበር።

ከላይ እንዳልሁት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው ነበር። ግማሽ ገጽ አይደለም፤ ወፍራም መጽሐፍ ነው። የሐረሩን ልጅነት፣ የዐድዋውን ጉዞ፣ የሩሲያውን ትምህርት፣ ከመኳንንቱ ጋር የነበራቸውን ግጭት ሳይቀር አስፍረውታል። ሆኖም የእጅ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ሳይታተም ቆየ። የሕይወቴ ታሪክ ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ግርማቸውም ታትሞ አላዩትም፤ እሳቸውም ቀድመው ዐርፈው ነበር።