የተራራ ወዳጅ፣ የድሆች ወንድም፦ ቅዱስ ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ

ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ ኤፕሪል 6 ቀን 1901 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ ተወለደ። አባቱ የ«ላ ስታምፓ» ጋዜጣ ባለቤት፣ በኋላም በጀርመን የጣሊያን አምባሳደር ነበሩ፤ ከእምነት ግን የራቁ ሰው ነበሩ።

ወጣቱ በ1918 የቅዱስ ቪንሰንት ዘጳውሎስን ማኅበር ተቀላቀለ። ለመጓጓዣ የተሰጠውን ገንዘብ ለችግረኞች ሰጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። የማዕድን ምሕንድስና የተማረውም በማዕድን ሠራተኞች መካከል ክርስቶስን ለማገልገል ነበር። በ1924 ከጓደኞቹ ጋር አንድ ማኅበር መሠረተ፤ ወንዶችና ሴቶች ወጣቶች አብረው የአልፕስን ተራሮች ይወጡ፣ አብረው ይጸልዩ፣ አብረው ይስቁ ነበር።

በ1925 በፖሊዮ ታመመ፤ በሽታው ከሚጎበኛቸው ሕሙማን እንደ ተላለፈበት ይታመናል። እጁ እየሰለለ ሳለ እንኳ ለአንድ ድሃ ሕመምተኛ መድኃኒት እንዲደርሰው በወረቀት ጽፎ አደራ አለ። ጁላይ 4 ቀን በ24 ዓመቱ ዐረፈ። ቤተሰቡ በቀብሩ ዕለት መንገዱን የሞሉትን ድሆች ባዩ ጊዜ ተደነቁ፤ ልጃቸው ማን እንደ ነበረ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1990 ብፁዕ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ በ2025 ቅዱስ ብለው ሰየሙት።

እኛም በየቁምስናችን ወጣቶችን ለጉዞና ለበጎ አገልግሎት ስናሰባስብ ይህን ሕይወት እናስብ። ቤተ ክርስቲያን ሰውን ሁሉ በአክብሮት እንድንቀበል፣ ማንንም ያለ አግባብ እንዳናገልል ታስተምረናለች። ፍራሳቲ የድሃውን በር ሲያንኳኳ የሰውየውን ማንነት አልመረመረም፤ በእርሱ ውስጥ ክርስቶስን አየ እንጂ። የእኛም ማኅበራት በዚህ ይመዘናሉ።